ድግስና ፈቃድ፦ ከአንድ የሠርግ ፊልም የተነሣ አሳብ

ስለ ፊልም መጻፍ የዚህ መጽሔት ልማድ አይደለም። ይሁን እንጂ ለጋብቻ ለሚዘጋጁ ወጣቶች ትምህርት በምንሰጥበት ወቅት አንዳንዶቹ በስልካቸው ጭነው ሲቀባበሉት ያገኘነው የናይጄርያ ፊልም፣ ከጅጋ እስከ ቡሬ ባለው ገጠራችን ጥር በመጣ ቍጥር የሚገጥመንን ጥያቄ ስለ ቀሰቀሰብን፣ አሳባችንን ለምእመናንና በተለይም ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልናካፍል ወደድን። ጥያቄው ይህ ነው፦ የተደገሰ ድግስ፣ የተጠራ እንግዳ፣ የወጣ ገንዘብ የሰውን ፈቃድ ሊተካ ይችላልን?

ፊልሙ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው «ዘ ዌዲንግ ፓርቲ» ይባላል፤ የሠርግ ግብዣ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኬሚ አዴቲባ በተባለች ሴት አዘጋጅነት ተሠርቶ በዚያው ዓመት በካናዳ በቶሮንቶ የፊልም በዓል ላይ ታየ። ታሪኩ በሌጎስ ከተማ በአንድ የሠርግ ቀን ውስጥ ይፈጸማል ማለት ይቻላል። ሙሽራይቱ ዱኒ ከዮሩባ፣ ሙሽራው ዶዚ ከኢግቦ ወገን ናቸው፤ የሙሽራው እናት የሙሽራይቱን ቤተሰብ ዝቅ አድርጋ ታያለች፤ የሙሽራይቱ እናት ደግሞ ይህን ታውቃለችና ለመሸነፍ ፈቃደኛ አይደለችም። ዱኒ እስከ ጋብቻዋ ሌሊት ድንግልናዋን ለመጠበቅ የወሰነች ልጅ ናት፤ ፊልሙ ይህን ውሳኔዋን የቀልድ ማጣፈጫ ቢያደርገውም እርሷን ግን አልናቃትም። እኛ ይህን ፊልም በደስታ አየነው። ሳቁ ሁሉ የሚመነጨው እርስ በርሳቸው መሸሽ ከማይችሉ ሰዎች ነው፤ በአንድ አዳራሽ የተዘጉ ሁለት ወገኖች፣ የሚጠበቅ ምግብ፣ የሚጠበቅ ክብር፣ የማይታለፍ ይሉኝታ። ቋንቋውንና ልብሱን ለውጠን ብናየው የፍኖተ ሰላም ሠርግ ነው።

ሁለተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ወጣ፤ አዘጋጁ ኒዪ አኪንሞላያን ነው። በስሙ ላይ «መድረሻ ዱባይ» የሚል ተጨምሮበታል። በዚህኛው የሚያገባው የዶዚ ወንድም ኖንሶ ሲሆን፣ የምታገባው በመጀመሪያው ሠርግ የዱኒ ሚዜ የነበረችው እንግሊዛዊት ዴርድሬ ናት። ኖንሶ ልጅቱን ዱባይ ወስዶ ሲያጫውታት፣ ሳያስበው በስህተት የጋብቻ ጥያቄ ያቀረበ ሆኖ ይገኛል። መልሱ «እሺ» ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ በናይጄርያና በእንግሊዝ ባሉ ሁለት ቤተሰቦች እጅ ገባ፤ ሠርጉም ወደ ዱባይ ተሻገረ።

እንግዲህ ፊልሙ በእጁ ትልቅ ነገር ይዞ ነበር። ያልጠየቀ ሰው እንደ ጠየቀ ይቈጠራል፤ ያላሰበው ቃል ከአፉ ወጥቶ ሺህ ሰው ያንቀሳቅሳል። ከዚህ የሚበልጥ ለሳቅም ለዕንባም የሚሆን ነገር ከየት ይገኛል? ነገር ግን ደራስያኑ ይህን ጥለው ሕንፃ ማሳየትን መረጡ። የዱባይ ማማዎች፣ አሸዋውና ሆቴሉ በየመካከሉ እየገቡ ፊልሙን የጉዞ ማስታወቂያ አስመሰሉት። በአንዱ አዳራሽ ተጨናንቀው ያሳቁን ሰዎች በዚያ ሰፊ ከተማ ተበታትነው ድምፃቸው ጠፋ። የመጀመሪያው ፊልም ጠላ ከሆነ ሁለተኛው ቅራሪ ነው፤ ጋኑ ያው፣ አተላውም ያው፣ የተጨመረው ውኃ ብቻ። ሁለቱም በጊዜያቸው በናይጄርያ እጅግ ብዙ ገንዘብ ካስገቡት ፊልሞች መካከል ናቸው፤ የገበያ ብዛት ግን ቅራሪን ጠላ አያደርገውም።

(በነገራችን ላይ በመጀመሪያው ፊልም ሙሽሮች ሆነው የሠሩት አዴሱዋ ኢቶሚና ባንኪ ዌሊንግተን ሁለተኛው ክፍል ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 በእውነት ተጋብተዋል፤ የባህሉን ሥርዓት በሌጎስ፣ ሌላውን በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን ፈጸሙ። ርቆ ሄዶ መጋባት በራሱ ኃጢአት አይደለምና አንነቅፋቸውም።)

«ዱባይ» የሚለው ቃል ግን በእኛ አገር ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ ሳንጠቅስ ልናልፍ አንችልም። በፊልሙ ዱባይ የሠርግ አደባባይ ናት። በገጠራችን ዱባይ፣ ከቤይሩትና ከሪያድ ጋር፣ «ዐረብ አገር» በሚለው አንድ ስም የምትጠራ፣ የአሥራ ስምንትና የሃያ ዓመት ልጆች የሰው ቤት ለማጽዳትና የሰው ልጅ ለማሳደግ የሚሄዱባት አገር ናት። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኝነት ወደዚያ መሄድን ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። ይኸውም ፊልሙ የወጣበት ዓመት መሆኑ ነው። አንዲት እኅት በዚያ ከተማ በሰው ማድ ቤት ቆማ ባጠራቀመችው ገንዘብ ወንድሟ በመንደሩ በሬ ጥሎ ሲዳር፣ እርሷ ደግሞ ሠርጉን ከሥራ በኋላ በስልክ መስኮት ስታይ አስቡት። ይህ ፊልም አልተሠራለትም። ቢሠራለት ኖሮ ከሆቴሉ ማማ ይልቅ የሆቴሉን ወለል የሚወለውለውን እጅ ያሳየን ነበር።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ቤተ ክርስቲያን ጋብቻን የሚያቆመው የሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ እንደሆነ ታስተምራለች፤ በእኛ በምሥራቃውያን ሥርዓት የካህኑ ቡራኬ የግድ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ፈቃድ በሌለበት የሚባረክ ጋብቻ የለም። ታዲያ ሕዝብ ለምን ተጠራ? ምስክር ለምን አስፈለገ? የዚህን መልስ ታሪክ ይነግረናል። ከትሬንቶ ጉባኤ በፊት በምዕራቡ ዓለም ሁለት ሰዎች ማንም ሳያያቸው ቃል ቢለዋወጡ ጋብቻቸው ይጸና ነበር። በዚህም የተነሣ ብዙ ወንዶች በስውር የገቡትን ቃል በአደባባይ ይክዱ፣ ሌላም ያገቡ ነበር፤ የተካደችውም ሴት ምስክር አልነበራትም። ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ1563 ጋብቻ በቆሞስና በሁለት ወይም በሦስት ምስክሮች ፊት እንዲፈጸም ያዘዘው ይህን ግፍ ለማስቀረት ነው። ስለዚህ ምስክሩ የተጠራው ለደካማው ወገን ጋሻ እንዲሆን ነው፤ «ፈቅጃለሁ» ያለውን ሰው አልፈቀድሁም እንዳይል፣ ያልፈቀደውንም ፈቅደሃል እንዳይሉት።

አሁን ደግሞ ነገሩ በሌላ በኩል ሲገለበጥ እናያለን። ምስክሩ ሲበዛ፣ የመጣበት መንገድ ሲረዝም፣ ያወጣው ገንዘብ ሲከብድ፣ ምስክርነቱ ቀርቶ ባለ ገንዘብ ይሆናል፤ ሠርጉ የሚከፈለው ዕዳ ነው። ያ ጋሻ የነበረ ሕዝብ ራሱ ግፊት ይሆናል፤ ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን ስለ መጣ ብቻ።

ይህን በምሳሌ ልናስረዳ እንወዳለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጅጋ ዙርያ ካሉ መንደሮች በአንዱ ሠርግ ተቃርቦ ነበር። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ትተናል። የዚያ ዓመት በርበሬ ጥሩ ዋጋ አውጥቶ ስለ ነበር አባትየው ልጁን በወግ ሊድር ቈርጧል። ጌሾው ተወቅጦ፣ የዳጉሳው ብቅል ገብቶ፣ ጎረቤቱ በደቦ ዳሱን ጥሏል። ልጅቱ ዕድሜዋ ከአሥራ ስምንት ያለፈ፣ ትምህርቷንም የጨረሰች ናት፤ በሕጉ በኩል የሚጎድል ነገር አልነበረም። እንደ ሥርዓቱ ብቻዋን አስቀርበን፦

«ልጄ፣ ይህን ሰው ለማግባት ፈቅደሻልን?» ብለን ጠየቅናት።

«ጠላው እኮ ተጠምቋል፣ አባ» አለችን።

«እርሱን አልጠየቅሁሽም» አልናት። ጥቂት ዝም ብላ፦ «አባቴ በሬውን ከገበያ አምጥቷል፤ አክስቴም ከፍኖተ ሰላም መጥታለች» አለች። ስለ ልጁ ግን፣ መልካም ነው ወይም ክፉ ነው ብላ፣ አንድ ቃል አልተናገረችም።

በማግስቱ አንዲት የታመነች የትምህርተ ክርስቶስ መምህርት አብራት እንድትቀመጥ አድርገን ደግመን ብንጠይቃት ጊዜ እንዲሰጣት ለመነች። እኛም ለአባትየው እንዲህ ባለ ሁኔታ ልንባርክ እንደማንችል ነገርነው። እርሱ ያልተማረ ገበሬ ነው፤ ነገር ግን የጠየቀን ጥያቄ ከብዙ መጻሕፍት ይከብዳል፦ «እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰው ምን ልበለው?» አለን።

ይህን ጥያቄ በንቀት የሚያልፍ ካህን ገጠሩን አያውቅም። ለዚያ ሰው ጎረቤት ማለት ሲታመም የሚሸከመው፣ ሲሞት የሚቀብረው፣ እርሻው ሲያመልጠው በሬውን የሚያውሰው ነው። በጎረቤት ፊት ቃል ማጠፍ ከኑሮ መውጣት ነው። የአባትየው ጭንቀት ከንቱ ኩራት ብቻ አልነበረም።

ይሁን እንጂ በሁለት ዓይነት ዕዳ መካከል ልዩነት አለ። እንግዳ ጠርቶ ማብላት የሰው ዕዳ ነው፤ ይህ ዕዳ በእንጀራና በጠላ ይከፈላል፤ ባይመችም በይቅርታ ይከፈላል። ራስን ለሌላው ለዘለዓለም መስጠት ግን ዕዳ ሊሆን አይችልም፤ ስጦታ ነውና ሌላ ሰው በእኛ ስም ሊከፍለው አይችልም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ፣ ከሞተ በኋላ በተሰበሰበው የ«ሱማ ቴዎሎጂካ» ተጨማሪ ክፍል እንደምናገኘው፣ አባት ልጁን በትእዛዝ ሊያጋባ ይችላልን ብሎ ይጠይቅና፣ ሊመክርና በበቂ ምክንያት ሊገፋፋ ይችላል እንጂ ሊያስገድድ አይችልም፤ ልጅ ነጻ ሰው ነውና ብሎ ይመልሳል። ይህ የተጻፈው ከሰባት መቶ ዓመት በፊት፣ በዘመነ መሳፍንት ያለች የምትመስል አውሮጳ ውስጥ ነው።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን፤ በመንደር ስብሰባም ሽማግሌዎች አንሥተውብናል። «እናቶቻችን ማን ጠየቃቸው? ሳይጠየቁ ተዳሩ፤ ወልደው፣ አሳድገው፣ በሃይማኖት ኖረው ሞቱ። ጋብቻቸው ባዶ ነበርን?» ይላሉ። ይህ ብርቱ ቃል ነው። ባዶ ነበር አንልም። ሰው በመታዘዝ ውስጥም ፈቃዱን ሊሰጥ ይችላል፤ ፈቃድ ማለት በፊልም እንደምናየው የልብ መምታት ብቻ አይደለም፤ የተሰጠውን በሙሉ ልብ መቀበልም ፈቃድ ነው። ብዙ እናቶቻችን እንዲህ ፈቅደዋል። ያልፈቀዱት ደግሞ ስንት እንደ ነበሩ አናውቅም፤ ያልጠየቅናቸው ናቸውና። ስለዚህ የምንጠይቀው «ወደደችው ወይ?» ብለን ሳይሆን «እምቢ ለማለት በር ነበራት ወይ?» ብለን ነው። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺታው አይታወቅም። የቤተ ክርስቲያናችን የምሥራቃውያን ቀኖናም፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው፣ ከውጭ በመጣ ከባድ ፍርሃት የተነሣ ከዚያ ፍርሃት ለመዳን ተብሎ የተፈጸመ ጋብቻ አይጸናም ይላል፤ ፍርሃቱ ሆን ተብሎ ያልመጣ እንኳ ቢሆን። የመጨረሻዋን ቃል አስተውሉ። ማንም ያችን ልጅ አላስፈራራትም። ያስፈራራት ጋኑ ነው።

ሠርጉ ቀረ። ጠላው ሊጣል አይችልምና በተባለው ቀን ጎረቤት መጥቶ ጠጣው፤ መጀመሪያ በዝምታ፣ በኋላ በጨዋታ። በሬው ወደ ገበያ ተመልሶ ከተገዛበት ባነሰ ዋጋ ተሸጠ። ከዐቢይ ጾም በኋላ ልጅቱ አሳቧን ቈርጣ «አይሆንልኝም» አለች፤ ጥሎሹም በሽማግሌ ተመለሰ። አባትየው ለብዙ ጊዜ ሰላምታ ነፍጎን ቆየ። ሙሽራው ልጅም የተጎዳ ነው፤ በየጠላ ቤቱ ስሙ ሲነሣ ከረመ፤ እርሱን ያጽናና ሰው ጥቂት ነበር። ይህን የምንናገረው ነጻነት ዋጋ የማያስከፍል እንዳይመስል ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። የጅጋው ድግስ ሠርግ መሆኑ ሲቀር ግብዣ ሊሆን ቻለ። ለምን? የተጠሩት ጎረቤት ስለ ነበሩ፤ በእግራቸው መጥተው በእግራቸው ስለሚመለሱ። ባሕር ተሻግሮ በሆቴል የተደገሰ ሠርግ ግን ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥ አይችልም። ሰው ሁሉ የአውሮፕላን ቲኬት ቈርጧል፣ ፈቃድ ወስዷል፣ ክፍል ከፍሏል። መንገዱ በረዘመ ቍጥር የእምቢታ ዋጋ ይወደዳል፤ በሩም ይጠብባል። በስህተት የተጠየቀ ጋብቻ ዱባይ እስኪደርስ ድረስ እውነት የመሆን ግዴታ ይወድቅበታል። ፊልሙ ሊያሳየን ይገባው የነበረው ይህን ነበር።

ይህም የናይጄርያውያን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከአሜሪካና ከአውሮጳ የሚመጡ ልጆቻችን በባሕር ዳር በጣና ዳርቻ ባሉ ሆቴሎች ሠርጋቸውን ለማድረግ ይሻሉ። አገራቸውን መውደዳቸው ደስ ያሰኘናል። ነገር ግን የሠርጉን ቀን የሚወስነው የሥራ ፈቃዳቸው ነው፤ ለካህኑም የሚደውሉት ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ስለ ዝግጅት ትምህርት ብንጠይቅ፣ ሁለቱን ለየብቻ ማነጋገር እንፈልጋለን ብንል፣ ከወዲያኛው ጫፍ የምንሰማው መልስ አንድ ነው፦ «አባ፣ ቲኬቱ እኮ ተቈርጧል።» ይህን በሰማን ጊዜ ሁሉ ያች የጅጋ ልጅ ትታወሰናለች። ጋንና ቲኬት እንዴት አንድ ዓይነት ቃል ይናገራሉ!

ሌላም አለ። በሩቅ የተደገሰ ሠርግ ማን እንደሚገኝበት የሚወስነው ዝምድና ሳይሆን ገንዘብና ፓስፖርት ነው። ሙሽራውን በጀርባዋ ያዘለች አያት ትቀራለች፤ የሥራ ባልደረባ ይገኛል። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ግብዣ ስታደርግ ድኾችንና አንካሶችን ጥራ ያለውን የገጠር ዳስ ሳያውቀው ይፈጽመዋል፤ በዳስ ደጃፍ የሚቆም ነዳይ አይባረርምና። በሆቴል በር ግን ዘበኛ አለ።

ድግስን የምንጠላ እንዳይመስልብን። የመጀመሪያው ተአምር የተደረገው በቃና ዘገሊላ በሠርግ ቤት ነው፤ ወይን ጠጅ ባለቀ ጊዜ ጌታችን «ጥሩ ነው፣ ያለ መጠጥ ያግቡ» አላለም፤ በስድስት የድንጋይ ጋን ውኃ አስሞልቶ ለወጠው። የሚገርመው ግን ወንጌላዊው ዮሐንስ ድግሱ የአባትየውን ክብር እንዴት እንዳዳነ አይነግረንም። አሳዳሪው እንኳ ወይኑ ከየት እንደ መጣ አላወቀም፤ ያወቁት አገልጋዮቹ ነበሩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ ባወጡት ሐዋርያዊ ምክር፣ የልብሱና የግብዣው ሽር ጉድ ተጋቢዎቹን አድክሞ፣ ከበዓላቸው ቀን ላይ ኃይላቸው አልቆ እንደሚያደርሳቸው፣ ሌሎችንም የድግሱ ወጪ እያስፈራ ጋብቻቸውን እንደሚያዘገይ በኀዘን ጠቅሰዋል። ይህ የኋለኛው በእኛም አገር አለ፤ ለተክሊል የሚበቃ ድግስ እስኪገኝ እየተባለ በሰማንያ ብቻ ዐሥር ዓመት የቆዩ ቤተሰቦችን እናውቃለን።

ለተክሊል ምን ያህል ድግስ ይበቃል? በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መሰብሰብ በተከለከለ ጊዜ፣ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ጊዜ፣ ዘመድ ሳይደርስላቸው የተጋቡ አሉ። ካህን፣ ሁለት ምስክሮች፣ አንድ ድፎ ዳቦ። ሲነግሩን ያዝናሉ፤ እናታቸው ስላልደረሰች ያዝናሉ፤ ኀዘናቸውም ትክክል ነው። ጋብቻቸው ግን ምንም አልጎደለበትም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ በ2007 ዓ.ም. የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ከተቋቋመ ወዲህ ቁምስናዎቻችን ሰፊ፣ ካህናቱ ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ሙሽሮችን ከካህኑ በፊት የምታገኟቸው እናንተ ናችሁ። የጋብቻ ወሬ በሰማችሁ ጊዜ፣ ጌሾው ሳይወቀጥ፣ ልጅቱንም ልጁንም ለየብቻ አነጋግሩ። ውኃ በምትቀዳበት ወይም ከገበያ በምትመለስበት መንገድ ይሁን እንጂ በአባቷ ፊት አይሁን። ልጁንም አትርሱ፤ ወንድ ይፈቅዳል ብለን ስለምናስብ አንጠይቀውም። የጥር ሠርግ ከሆነ ከመስከረም ማለፉ አይመከርም፤ በርበሬው ተሸጦ ገንዘቡ እጅ ከገባ በኋላ የሚሰማ ጆሮ ያንሳል።

ከቁምስናቸው ውጭ ለመጋባት የሚሹ ደግሞ፣ በቀኖናችን መሠረት ጋብቻ በሙሽራው ቆሞስ ፊትና በቁምስናው ቤተ ክርስቲያን መፈጸሙ የተለመደ ሥርዓት ስለሆነ፣ በሌላ ቅዱስ ቦታ ለማድረግ የቆሞሱ ወይም የሀገረ ስብከቱ ባለ ሥልጣን ፈቃድ፣ በሆቴል ወይም በሐይቅ ዳር ለማድረግ ደግሞ የሀገረ ስብከቱ ባለ ሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁ ይህን እንዲያውቁ ንገሩልን። ደብዳቤው ቲኬት ከመቈረጡ በፊት ይጻፍልን፤ የሁለቱም ስልክ ለየብቻ ይላክልን።